መተግበሪያውን ሚዛኑ ዘንድ ማድረስ፦ በትልቅ ድርጅት የሞባይል ፕሮጀክት እንዴት ይመራል?

ጅማ ውስጥ እሠራበት በነበረ አንድ ድርጅት ዕቃ ግምጃ ቤት ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ካርቶን ነበር። ውስጡ 40 ታብሌቶች አሉ፤ የብዙዎቹ የስክሪን ላስቲክ እንኳ አልተላጠም። በመስከረም ተገዙ፣ በጥቅምት ወደ ቡና መረከቢያ ጣቢያዎች ወጡ፣ ታኅሣሥ ሳይገባ ተመልሰው ታሸጉ። ታብሌቶቹ ላይ የተጫነው የቡና ርክክብ መመዝገቢያ መተግበሪያ አይሠራም እንዳይባል ይሠራል። አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት በፕሮጀክተር ሲታይ ተጨብጭቦለታል። የወደቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፣ በካፊያ፣ ሃምሳ ገበሬ እሸት ቡናውን በኬሻ ይዞ በተሰለፈበት ሚዛን አጠገብ ነው። ፕሮጀክቱን የመራሁት እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ተመሳሳይ ሥራዎች መርቻለሁ፤ ሁለቱም ዛሬም እየተሠራባቸው ነው። የሚከተለው ከሦስቱም የለቀምኩት ነው። ጅማ ተቀምጬ ሌላ ምሳሌ ብፈልግ ስለማያምርብኝ ምሳሌዬ ቡና ነው። ቆጣሪ አንባቢ የሚያሰማራ፣ የሽያጭ ሠራተኛ በየከተማው የሚያዞር፣ መጋዘን የሚያስቆጥር ድርጅትም ቢሆን ግን ችግሩ ያው ነው፤ ሚዛኑን በራሱ ሥራ ይተካው።

አንደኛ፦ ሦስት ማታ ሚዛኑ አጠገብ ቁሙ

ሶፍትዌር ሻጭ ከመጥራታችሁ፣ ጨረታ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ማታ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እሸት ቡና ቀን ይለቀማል፣ አመሻሽ ላይ ጣቢያ ይደርሳል፣ ሳያድር መፈልፈል አለበት። ስለዚህ ሥራው የሚከመረው ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። የቢሮ ሰው ጣቢያ የሚጎበኘው ደግሞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና እያየ፣ የቀረበለትን ቡና እየጠጣ ነው። በዚያ ሰዓት ጣቢያው ጸጥ ያለ ነው፤ ሪፖርቱም እንደዚያው ይጻፋል።

ማታ ስትቆሙ የምታዩት ይህን ነው። መዛኙ ክብደቱን ጮክ ብሎ ይጠራል። ጸሐፊው መዝገብ ላይ ያሰፍራል፣ ካርኒ ይቆርጣል። ገበሬው ካርኒውን ይዞ ወደ ከፋዩ ይሄዳል። ሰዓት ስይዝ አንዱ ገበሬ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያልፍ ነበር። የእኔ ታብሌት ደግሞ ስም አስፈልጎ፣ ቀበሌ አስመርጦ፣ የኬሻ ብዛት ጠይቆ፣ ፎቶ አንስቶ፣ በጣት አስፈርሞ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። ሃምሳ ሰው በሦስት ሦስት ደቂቃ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። መጨረሻ ላይ የቆመው ሰው ቤቱ የሚገባው በእኩለ ሌሊት ነው፤ በማግስቱ ቡናውን ይዞ የሚሄደው ጎረቤት ካለው ሌላ ገዢ ዘንድ ነው።

በሁለተኛው ማታ አንድ አንጋፋ ጸሐፊ ታብሌቱን መለሱልኝና፣ «ልጄ፣ ይሄ ዕቃ ለእናንተ ብዙ ይጽፋል። ለእኔስ ምን ይጽፍልኛል?» አሉኝ።

«ኦቦ፣ ሪፖርቱ ዋናው መሥሪያ ቤት ወዲያው ይደርሳል» አልኳቸው።

«እሱማ ለእናንተ ነው» ብለው መዝገባቸውን ገለጡ።

መመሪያው ሁሉ የሚሽከረከረው በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው። መሥሪያ ቤቱ መረጃ ይፈልጋል፤ መረጃውን የሚያስገባው ሰው ግን በምላሹ የሚያገኘው ነገር ከሌለ ለአንድ ሳምንት በትእዛዝ ይሠራበታል፣ በሁለተኛው ሳምንት ባትሪው ያልቅበታል፣ በሦስተኛው ስልኩ «ይበላሻል»። ስለዚህ በሦስቱ ማታዎች ከሁሉ በላይ የምትፈልጉት የሠራተኛው ራስ ምታት የት እንዳለ ነው። እኛ ዘንድ የተገኘው ሚዛኑ ላይ አልነበረም። ገበሬው ሁሉ ከሄደ በኋላ ጸሐፊው በፋኖስ ወይም በባትሪ ብርሃን ተቀምጦ የመዝገቡን ዓምድ በካልኩሌተር ይደምራል፤ ከከፋዩ ጥሬ ገንዘብ ጋር ያመሳክራል። አሥር ብር ከጎደለ እንደገና ከላይ ይጀመራል። ይህ ሥራ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት የሚጎተትበት ጊዜ ነበር። በሁለተኛው ፕሮጀክት መጀመሪያ የሠራነው ይህን የማታ ሂሳብ መዝጊያ ነው። አንድ ቁልፍ ይነካል፣ የኪሎው ድምር፣ የብሩ ድምር፣ የካርኒው ብዛት ይወጣል። ጸሐፊው በ4 ሰዓት ተኩል ቤቱ ገባ። ከዚያ በኋላ ስልኩን ማንም ማስገደድ አላስፈለገውም።

ከሦስቱ ማታዎች ይዛችሁ የምትመለሱት አንድ ወረቀት ነው፤ እያንዳንዱ እርምጃ፣ ማን እንደሚሠራው፣ ስንት ሰከንድ እንደሚወስድ። መተግበሪያው ላይ አንድ መጠይቅ ለመጨመር የሚፈልግ ሁሉ ከዚህ ወረቀት ላይ አንድ የሚቀር እርምጃ ያሳይ። የሚቀር ካላገኘ መጠይቁ አይጨመርም። ከየክፍሉ «ይችንም ጨምሩልኝ» የሚለውን ጥያቄ ያለ ጠብ የሚያቆምላችሁ ሌላ ነገር አላየሁም።

ሁለተኛ፦ ባለቤቱ አይቲ ክፍል አይሁን

የአይቲ ክፍል የሆነ ፕሮጀክት በአይቲ ክፍል ይቀራል። ባለቤቱ ሥራው ሲበላሽ የሚጠየቀው ሰው ይሁን፤ በእኛ ሁኔታ የግዢና የጣቢያዎች ኃላፊው። እሱ ፈርሞ ካልተረከበው አትጀምሩ።

ከእሱ ቀጥሎ የምታሳምኑት ፋይናንስን ነው፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የመጀመሪያው ፕሮጀክቴ ግማሽ ሞት የመጣው ከዚህ ነው። ታብሌቱ ደረሰኝ እያተመ፣ ሂሳብ ክፍል «በእጅ የተቆረጠ ካርኒ ካልተያያዘ አንቀበልም» አለ። ጸሐፊው አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ ሊሠራ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ገና ከመነሻው ሂሳብ ክፍልን፣ የውስጥ ኦዲተርን፣ ካስፈለገም የውጭ ኦዲተሩን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጡና «ከስልኩ የወጣው መዝገብ በምን ሁኔታ እንደ ሰነድ ይቆጠራል?» ብላችሁ መልሱን በቃለ ጉባኤ አስጽፉ። በነገራችን ላይ በአነስተኛ የሙቀት ማተሚያ የሚወጣ ደረሰኝ በፀሐይና በሙቀት ይጠፋል፤ ኦዲተር ከዓመት በኋላ ሲመጣ ነጭ ወረቀት ነው የሚያገኘው። ለገበሬው ይህ ይበቃዋል፤ የመሥሪያ ቤቱ ማስረጃ ግን መረጃው ሁሉ በሚጠራቀምበት የመረጃ ቋት ውስጥ ያለው መሆኑን አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ሦስተኛ፦ የአገሩን ስም፣ ቀንና ሰዓት የሚያውቅ አድርጉት

ከውጭ የተገዛ ወይም አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ብቻ የተፈተነ መተግበሪያ የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አደርገዋለሁ።

ስም። ብዙ ሶፍትዌር «ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ይላል። እኛ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን፤ ሦስቱም ለየብቻ ሳጥን ይኑራቸው። ጅማ አካባቢ ደግሞ አያትየው በ«አባ» ስሙ ብቻ የሚታወቅበት ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ባዶ ቦታ ያለበትን ስም የማይቀበል ሳጥን «አባ»ን ብቻ ይዞ ቀሪውን ይጥላል። አንዱ ጸሐፊ መሐመድ፣ ሌላው ሙሀመድ፣ ሦስተኛው መሀመድ ይጽፋል፤ ያው ሰው በቁቤ ሲጻፍ ደግሞ ሌላ ነው። በስም ፍለጋ ላይ የቆመ መተግበሪያ በአንድ ወቅት ውስጥ አንዱን ገበሬ አራት ያደርገዋል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ገበሬ የኪውአር ኮድ ያለበት ካርድ መስጠት ነው፤ ስልኩ ያነበዋል፣ መጻፍ የለም። ካርዱ የጠፋበትን በስልክ ቁጥሩ ፈልጉት። የስልክ ቁጥር ሳጥኑንም ፈትሹ፤ በ09 የሚጀምር ብቻ እንዲቀበል ተደርጎ የተሠራ ቅጽ እስከ ዛሬ ያጋጥማል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ሥራ ከጀመረ ወዲህ 07 የያዘው ሰው ብዙ ነው።

ቀን። ቋቱ ውስጥ በፈረንጅ አቆጣጠር ይቀመጥ፣ ስክሪኑ ላይ በእኛ ይታይ። የሚቀይረው ሶፍትዌር በትክክል መቀየሩን የምታረጋግጡት ጳጉሜን ላይ ነው። ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት በ2015 ማብቂያ አዲሱ ዓመት የገባው ሴፕቴምበር 12 ነበር፤ በሌሎቹ ዓመታት 11 ነው። ቀጣዩ ባለ 6 ቀን ጳጉሜን በ2019 ይመጣል። ያን ቀን አሁኑኑ አስገብታችሁ ሞክሩ። የመስከረም ሪፖርት በአንድ ቀን ሲንሸራተት ጥፋቱን የሚያገኘው ሰው የለም።

ሰዓት። ጸሐፊው «2:00» ብሎ ያስገባል፤ ምሽት ማለቱ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት የተቀመጠው ባለሙያ ሌሊት 8 ሰዓት ብሎ ያነበዋል። ሰዓት በእጅ አታስገቡ፤ ስልኩ ራሱ ይያዘው። ከዚህ የከፋው ደግሞ እኩለ ሌሊት ነው። ስልኩ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲያልፍ ቀኑን ይቀይራል፤ በበዛበት ወቅት ከ6 ሰዓት በኋላ የተረከባችሁት ቡና ወደ ማግስቱ ይገባና የከፋዩ ገንዘብ ከዕለቱ ድምር ጋር አልገጥም ይላል። መተግበሪያው ከቀን መቁጠሪያው የተለየ «የሥራ ቀን» ይኑረው፤ የሥራ ቀኑ የሚዘጋው ጸሐፊው ሂሳብ ሲዘጋ ይሁን።

ቋንቋ። ጎማ፣ ማና፣ ሊሙ፣ ጌራ፤ ከጅማ ዞን ወረዳዎች የትም ብትሄዱ ሚዛን ዙሪያ የሚነገረው አፋን ኦሮሞ ነው። ስክሪኑ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይቀያየር። ትርጉሙን ቢሮ አታሠሩ። ጣቢያ ሄዳችሁ «ይህን ምን ትሉታላችሁ?» ብላችሁ የሚሉትን ጻፉ። ኪሎና ፈረሱላን በተመለከተም እንዲሁ፤ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፣ ገበሬው በምን እንደሚያስብ ጠይቁና ደረሰኙ ላይ በዚያ አሳዩት።

የእርሻ ቦታ። ወደ አውሮፓ ቡና የሚልክ ድርጅት የአውሮፓ ኅብረት ስለ ደን መጨፍጨፍ ያወጣውን ደንብ ሰምቷል። ቡናው ከዲሴምበር 31 ቀን 2020፣ ማለትም ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት ያልመጣ መሆን አለበት፤ ለዚህም የማሳው መገኛ ይፈለጋል። ከ4 ሔክታር በላይ ከሆነ ዙሪያው ይለካል፤ ከዚያ ላነሰ አንድ ነጥብ ይበቃል፣ ቁጥሩ ግን ከነጥቡ በኋላ ቢያንስ ስድስት አሃዝ ይኑረው። የእኛ ገበሬ አብዛኛው ከ4 ሔክታር በታች ስለሆነ ሥራው ቀላል ይመስላል። አይደለም። የጅማ ቡና ያለው ጥላ ዛፍ ሥር ነው፤ ወፍራም ቅጠል ሥር ጂፒኤስ ይዋዥቃል። ስልኩ ትክክለኛነቱ ከ10 ሜትር በታች መሆኑን እስኪያሳይ ድረስ «መዝግብ» የሚለው ቁልፍ እንዳይሠራ አድርጉ፤ ኔትወርክ በሌለበት የመጀመሪያው ነጥብ ደቂቃዎች ስለሚወስድ ሠራተኛው ይህን ይወቅ። ሌላም አለ። ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7.67፣ በምሥራቅ 36.83 ዲግሪ ላይ ናት። ሁለቱ ቁጥሮች ቦታ ሲለዋወጡ ነጥቡ የሚያርፈው አልጄሪያ፣ አናባ ከተማ አጠገብ ነው። እኛ አንድ ቀበሌ ሙሉ እንደዚያ አሰድደናል። መተግበሪያው ከዞኑ ወሰን ውጭ የወደቀን ነጥብ እዚያው እንዲመልስ ማድረግ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ በኋላ ገበሬ በገበሬ ዞሮ ማረም ግን አንድ ወር ፈጀብን።

አራተኛ፦ ኔትወርክ የለም ብላችሁ ጀምሩ

ጅማ ከተማ ፈረንጅ አራዳ ተቀምጦ የሚሠራ መተግበሪያ ጌራ ሸለቆ ውስጥ ላይሠራ ይችላል። ሻጩን «ኔትወርክ ሳይኖርም ይሠራል?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ ሁሉም አዎ ይላል። ስልኩን የአውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉት፣ አጥፍታችሁ አብሩት፣ መቶ ርክክብ መዝግቡ፣ ባትሪውን ጨርሱት፣ በማግስቱ ከተማ ገብታችሁ ክፈቱት። መቶውም ካልተላኩ፣ ወይም መቶ አምስት ሆነው ከደረሱ፣ ውል አትፈርሙ።

መቶ አምስት የሚሆኑበት ምክንያት ይታወቃል። ስልኩ ልኮ መልስ ሳያገኝ መስመሩ ሲቋረጥ ያልደረሰ መስሎት እንደገና ይልካል። የእያንዳንዱ ርክክብ መለያ ቁጥር ስልኩ ላይ ሲመዘገብ አብሮ የሚወለድ ከሆነ አገልጋዩ፣ ማለትም ከስልኮቹ የሚላከውን የሚቀበለው ኮምፒውተር፣ የደገመውን ያውቃል፤ ቁጥሩን የሚሰጠው አገልጋዩ ከሆነ ግን ሁለት ጊዜ ከፋችሁ ማለት ነው። ገንዘብ በቴሌብር ወይም በሌላ መንገድ ወዲያው የሚለቀቅ ከሆነ ይህ ነጥብ የቀልድ አይደለም።

ስክሪኑ ላይ «ያልተላከ፦ 23» የሚል ቁጥር በትልቁ ይታይ። ሠራተኛው መረጃው የት እንዳለ ካላወቀ አያምነውም፤ ካላመነው ደግሞ ጎን ለጎን ደብተር ይይዛል።

አምስተኛ፦ ዕቃው

ታብሌት አትግዙ። ያለ በቂ ምክንያት የተገዙት የእኔ 40ዎቹ ይመሰክራሉ። አንድ እጁ ኬሻ የሚይዝ ሰው በሌላው እጁ የሚይዘው ስልክ ይበቃዋል።

የንክኪ ስክሪን የውሃ ጠብታን ጣት ይለዋል፤ በእሸት ቡና የተጣበቀን ጣት ደግሞ አይለይም። ስለዚህ ውሃና አቧራ የማያስገባ መሆኑ ብቻ በቂ አይደለም። አይፒ 68 የሚለው ምልክት ስልኩ እንደማይሞት ይነግራችኋል፣ በዝናብ መሥራቱን አይነግራችሁም። ቁልፎቹ ሰፋፊ ይሁኑ፣ ክብደት የሚገባው በትልልቅ አሃዝ ይሁን፣ ሚዛኑ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ይሠራ። ከስልኩ ይልቅ ቆርቆሮው የጠቀመበት ጣቢያ አለን።

ብዙ ጣቢያ መብራቱ ከመፈልፈያው ጄኔሬተር ነው፤ ሞተሩ ሲነሳና ሲጠፋ ኃይሉ ስለሚዘል ቻርጀር ያቃጥላል። ፓወር ባንክ ስጡ፣ ፓወር ባንኩ በጄኔሬተር ይሞላ፣ ስልኩ ከፓወር ባንኩ ይሙላ። ሁለት ሲም የሚይዝ ይሁንና አንዱ ኢትዮ ቴሌኮም ሌላው ሳፋሪኮም ይሁን፤ በአንዱ ጣቢያ የሚሠራው በሌላው ላይሠራ ይችላል። ከአሥር ስልክ አንድ መጠባበቂያ ጅማ ቢሮ ይቀመጥ። አዲስ አበባ የተቀመጠ መጠባበቂያ 350 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው፤ በወቅቱ መካከል ከሌለ አይሻልም።

ስልኮቹን ከአንድ ቦታ የሚቆጣጠር የማስተዳደሪያ ሥርዓት ከመጀመሪያው ቀን ይኑር። የጠፋው ይቆለፋል፣ መተግበሪያው በአንድ ጊዜ ይታደሳል። በዚህ መሣሪያ ቲክቶክን መዝጋት ይቻላል፤ የተሟላ ኢንተርኔት የሰጠ ጣቢያ ዳታው በሳምንቱ ያልቃል። ዋትስአፕና ቴሌግራምን ግን አትዝጉ፤ ለምን እንደሆነ ወደታች እመጣበታለሁ።

በጀቱን ስትጽፉ የስልኩን ዋጋ ብቻ አታስቡ። የሦስት ዓመት ዳታ፣ የማተሚያ ወረቀት፣ ጥገና፣ የመጓጓዣ ነዳጅ፣ የአንድ ድጋፍ ሰጪ ደመወዝ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ እንዲሉ፣ በሁለተኛው ዓመት ዳታ የሚሞላበት የበጀት ርእስ ጠፍቶ የቆመ ፕሮጀክት አይቻለሁ።

ስድስተኛ፦ ጊዜውን ቡናው ይወስን

አለቆች መስከረም ላይ እንዲጀመር ይፈልጋሉ፤ ግዢው ያለቀው ነሐሴ ነዋ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በጥቅምትና በኅዳር ጣቢያ ላይ ያለ ሰው አዲስ ነገር የሚማርበት ደቂቃ የለውም።

የሠራልን ይህ ነው። ሁለት ጣቢያ መርጠን ሙከራውን የጀመርነው በወቅቱ ጅራት፣ እሸት ቡናው እየሳሳ ሰልፉ ሲያጥር ነው። እውነተኛ ቡና፣ እውነተኛ ገንዘብ፣ ግን ጥቂት ሰው። አንዱ ጣቢያ ለከተማ ቅርብ ይሁን፣ ሌላው እጅግ የሚያስቸግረው፤ ሁለት ቀላል ጣቢያ መርጦ «ተሳካ» ማለት ራስን ማታለል ነው። ከዚያ ጥርና የካቲት ላይ ደረቁ ቡና፣ ጀንፈሉ ሲገዛ ያው መተግበሪያ ይቀጥላል። የተገኘው ስህተት ሁሉ በክረምቱ ይታረማል። በመስከረም ወደ ሌሎቹ ጣቢያዎች ስትወጡ ይዛችሁ የምትሄዱት የተፈተነ መሣሪያ ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን «እኔ ሠርቼበታለሁ» የሚል የጣቢያ ጸሐፊ ነው።

ሰባተኛ፦ ሥልጠናው ሆቴል ውስጥ አይሁን

አበል ያለበት የሁለት ቀን ሥልጠና ማንም አይጠላም፤ እኔም አልጠላም። ግን በፕሮጀክተር የታየ ስክሪን በእጅ አይገባም። ሁለት ሁለት ጣቢያ እያጣመራችሁ እዚያው ሚዛኑ ዘንድ፣ ኬሻ በአፈር ሞልታችሁ፣ ሰልፍ ሠርታችሁ አለማምዱ። የሚያሠለጥነው ባለፈው ወቅት የሞከረው ጸሐፊ ይሁን፣ በአፋን ኦሮሞ። እናንተ ከኋላ ቁሙና የት እንደሚያመነቱ ጻፉ። ሐሙስ ገበያ ነው፣ ዓርብ ከሰዓት በፊት ሰው ጁምዓ ለመስገድ ይዘጋጃል፤ ሰኞና ማክሰኞ ይሻላሉ።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ያሉ የኮምፒውተር ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ሲወጡ ጥሩ አጋዥ ናቸው። የቡናው ወቅትና የትምህርቱ ወቅት ስለሚጋጭ ግን ዋናውን ድጋፍ በእነሱ ላይ አትጣሉ።

ስምንተኛ፦ ደብተሩ የሚሰበሰብበትን ቀን ንገሩ

ስልክና ደብተር ጎን ለጎን ለዘላለም አይኖሩም። «ለጥንቃቄ ሁለቱንም ያዙ» ስትሉ የምትሉት ሁለት ጊዜ ሥሩ ነው፤ ሁለት ጊዜ መሥራት የሰለቸው ሰው የሚተወው አዲሱን ነው። ለእያንዳንዱ ጣቢያ ሁለት ሳምንት ስጡ፣ የመጨረሻውን ቀን አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ በዚያ ቀን ኃላፊው ራሱ ሄዶ ደብተሩን ፈርሞ ይረከብ።

ስልኩ ሲሞትስ? ተከታታይ ቁጥር ያለው አንድ የካርኒ ጥራዝ በታሸገ ፖስታ ውስጥ ጣቢያው ሣጥን ይቀመጥ። ፖስታው የሚከፈተው ተደውሎ፣ ሰዓቱና ምክንያቱ ተጽፎ ነው። በማግስቱ የተጻፈው ወደ ስልኩ ይገባል። አንድ ጣቢያ በወር አራት ጊዜ ፖስታ ከከፈተ እዚያ የሆነ ነገር አለ፤ ሂዱና እዩ።

አንዳንዴ ያለው ነገር ቴክኒክ አይደለም። ደብተር ውስጥ ማረፊያ ነበረች፤ ግማሽ ኪሎ ወደ ታች የምትጠጋባት፣ የኬሻ ክብደት ትንሽ የምትበዛባት። ስልኩ ይህን ሲዘጋ የሚከፋው ሰው አለ፤ «ኔትወርክ የለም» የሚለውም እሱ ነው። ሰውየውን ሌባ ከማለት በፊት ደመወዙን ተመልከቱ። አንድ ጣቢያ ላይ የመዛኞቹ አበል ሲስተካከል የ«ኔትወርኩ» ችግር በሳምንቱ ጠፋ።

ዘጠነኛ፦ ስለ መከታተል በግልጽ ተነጋገሩ

የሥራ ስልክ ቦታ ያሳያል። ሠራተኛው ይህን ያውቃል፤ ያልተነገረውን ደግሞ በሐሜት ይሞላዋል። «ማታ የት እንዳደርን ያያሉ» የሚለው ወሬ ጎማ ተጀምሮ በሁለት ቀን ሊሙ ገነት ደረሰ። የቦታ መረጃ የሚያዘው ርክክብ ሲመዘገብ ብቻ ይሁን፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ይጥፋ፤ ይህንንም ስክሪኑን ከፍታችሁ አሳዩ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ነገሩ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የገበሬውን ስም፣ ፎቶ፣ ስልክና ማሳ ስትይዙ ለምን እንደያዛችሁ ንገሩት፤ ለዚያ ለነገራችሁት ብቻ ተጠቀሙበት። ፎቶ ካላስፈለገ አታንሱ። እኛ አውጥተነዋል፤ ሰልፉም አጠረ።

አሥረኛ፦ ከተጀመረ በኋላ

በወቅቱ ጊዜ ማታ ስልክ የሚያነሳ አንድ ሰው ይኑር፤ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት። የቴሌግራም ግሩፕ ክፈቱ፤ ጸሐፊዎቹ የተሳሳተውን ስክሪን ፎቶ አንስተው ይልካሉ፣ ብዙ ጊዜ መልሱን የሚሰጠው ሌላ ጸሐፊ ነው። ቴሌግራምን አትዝጉ ያልኩት ለዚህ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ያሉ አለቆች ግሩፑ ውስጥ አይግቡ። አንድ ጊዜ ገብተው ነበር፤ በዚያ ቀን ጥያቄ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

በየሳምንቱ የምታዩት ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ከየጣቢያው ርክክብ ስንቱ በስልክ እንዳለፈ፣ ከተመዘገበ በኋላ ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደወሰደ፣ ስንቱ በኋላ እንደታረመ። እርማቱ ድንገት የበዛበት ጣቢያ ወይ አዲስ ጸሐፊ ገብቶበታል ወይ ሚዛኑ ተበላሽቷል። ለአለቆች የሚያምር ግራፍ ከፈለጋችሁ ከእነዚህ ይወጣል፤ ግራፉን ብላችሁ ግን አዲስ መጠይቅ አትጨምሩ።

ወቅቱ ሲያልቅ ስልኮቹን ሰብስቡ። ባትሪያቸው ሙሉ ሆኖ ወይም ጨርሶ ባዶ ሆኖ ክረምቱን አይሻገር፤ ግማሽ ያህል ሞልታችሁ አጥፏቸው፣ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ፣ በየሁለት ወሩ አውጥታችሁ እንደገና ወደ ግማሽ መልሷቸው። የእያንዳንዱን መለያ ቁጥርና የያዘውን ጣቢያ መዝግቡ። ካርቶኑ ላይ ቀጥሎ ቻርጅ የሚደረግበትን ቀን በወፍራም ማርከር ጻፉበት፣ ቁልፉን ለጣቢያዎች ኃላፊው ስጡት።